ወደ ከፋ ያልደረሰው ባቡር

ከጅማ ተነስቶ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ፣ በቦንጋ አድርጎ ሚዛን ተፈሪ፣ ከሚዛንም ቴፒ የሚያደርሰው መንገድ ግራና ቀኙ ደን ነው። ከዛፎቹ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ፣ ከፍ ብሎ ደግሞ ቅርንጫፍ ላይ የተጋደሙ ረዣዥም የንብ ቀፎዎች ይታያሉ። መንገደኛው ግን ይህን ሁሉ በመኪና መስኮት እያየ ከማለፍ በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። ይህ ጉዞ በባቡር እንዲሆን የታሰበበት ዘመን ነበር። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ፈቃድ ሦስት ክፍሎች ነበሩት፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ ከፋና ነጭ ዓባይ። የመጀመሪያው ሐረርን ተራራ ላይ ትቶ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ለሦስተኛው አንድም ሐዲድ አልተዘረጋለትም። ከመቶ ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ባወጣው አገር አቀፍ ዕቅድ ላይ ያው ሐሳብ ተመልሶ መጣ፤ ከአዲስ አበባ በኢጃጂና በጅማ አልፎ በጉራፈርዳ በኩል ወደ ዲማ የሚሄድ መስመር። ጉራፈርዳ ሚዛን ያለችበት የቤንች ሸኮ ዞን ወረዳ ስለሆነች ባቡሩ ቢመጣ ኖሮ የሚዛን ደጅ ላይ ነበር። እርሱም እስከ ዛሬ ወረቀት ላይ ነው።

ባቡሩ አልመጣም ማለት ግን ይህ ምድር የጉዞ ቅርስ የለውም ማለት አይደለም። የደቡብ ምዕራቡ ቡና በበቅሎ ጀርባ ተጭኖ ደጋውን ወጥቷል። እንግሊዞች ከአፄ ምኒልክ ጋር በተዋዋሉበት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ በኩል ደግሞ፣ ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት ጀልባ ተጭኖ ወደ ሱዳን ወርዷል። ከዚያም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ ሦስት አውሮፕላኖች መንገድ በሌለበት ዘመን ሣር ሜዳ ላይ እያረፉ ለእነዚህ ከተሞች መውጫ ሆነዋል። ዛሬ አይሱዙው ያንን ሁሉ ተክቷል። እኔ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው። ይህን ቅርስ የሚያቆየው ገና የሚመጣ ባቡር ወይም የሚገነባ ሕንፃ አይደለም። የሚያቆየው የሚዛን፣ የቴፒና የቦንጋ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ቀኑን የሚያሳልፍበት፣ ሥራውን ራሳቸው የሚያውቁ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚያስጎበኙት፣ ገና በሥራ ላይ ያለ ስፍራ ነው።

ለዚህ የሚያስተምረኝ ምሳሌ ከሩቅ፣ ከዌልስ ነው። የታሊሊን ባቡር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ከተራራ ካባ ለቤት ክዳን የሚሆን ስስ ድንጋይ ወደ ተዊን ከተማ እንዲያወርድ የተሠራ፣ ርዝመቱ 12 ኪሎ ሜትር የማይሞላ፣ የሐዲዱ ስፋት ከ70 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ትንሽ መስመር ነው። ካባው እ.ኤ.አ. በ1946 ተደርምሶ ተዘጋ፤ ባለቤቱ ሄንሪ ሀይደን ጆንስ ባቡሩን በኪሳራ እያስኬዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1950 አረፉ። በየትኛውም ስሌት ያ መስመር ብረቱ ተነቅሎ የሚሸጥ ነበር። ደራሲው ቶም ሮልትና ጓደኞቹ ግን ማኅበር አቋቁመው፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1951 ባቡሩን ያለ ደመወዝ በሚሠሩ ሰዎች እንደገና አስነሱት። በዓለም ላይ በበጎ ፈቃደኞች የተያዘ የመጀመሪያው የቅርስ ባቡር እርሱ ነው። ቅዳሜና እሑድ የሚመጡት ሰዎች በሥራ ቀን መምህር፣ ጸሐፊ ወይም ባለሱቅ ናቸው፤ እዚያ ሲደርሱ ግን ከሰል በአካፋ ይዝቃሉ፣ ሐዲድ ይጠርጋሉ፣ ትኬት ይቆርጣሉ። ዊልበርት ኦድሪ የተባለው ቄስም በበጎ ፈቃደኝነት እዚያ ሠርቶ፣ ያየውን ለልጆች በሚጽፋቸው የባቡር ታሪኮች ውስጥ አስገባ። መስመሩ የተረፈው ሙዚየም ስለሆነ አይደለም፤ እናትና አባት ልጆቻቸውን ይዘው የሚውሉበት፣ ልጁም ነጂውን ጠርቶ የሚጠይቅበት ስፍራ ስለሆነ ነው።

የእኛ ባቡር በሌላ መንገድ ሄደ። የድሬዳዋው ወርክሾፕ አሮጌ ሎኮሞቲቮቹንና መዘውሮቹን ይዞ አለ፤ የአዲስ አበባው ጣቢያ ለገሀርም ከነአንበሳ ሐውልቱ ቆሞአል። ግን ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የነበረው አሮጌው አገልግሎት ሲቆም የዜጎች ማኅበር ተነስቶ «አንዱን ፉርጎ እኛ እናስኬደው» አላለም። ይህን ለወቀሳ አላነሣውም፤ ሰው ዕቃውን የሚያነሣው ቀርቦ ካወቀው ነው። ባቡሩ ለብዙዎቻችን የተሳፈርንበት እንጂ የሠራንበት አልነበረም። የቡናው ምድር ግን ለዚህ ዓይነት ቅርስ ከባቡር ይልቅ የተመቸ ነው፤ ቡናውን የማይነካ ቤተሰብ እዚህ ጥቂት ነውና።

ምን እንደሚታይ ልዘርዝር። በቆላው፣ ከመስከረም ጀምሮ ቀይ ፍሬው ይለቀማል። ፍሬውን በአውራና በሌባ ጣት ጨመቅ ሲያደርጉት ቆዳው ይሰነጠቅና ሁለት ፍሬዎች በጣፋጭ ልጋግ ተለውሰው እየተንሸራተቱ ይወጣሉ፤ ከልጋጉ ሥር ቀጭን ወረቀት የሚመስል ቅርፊት አለ፣ ከዚያም ሥር አረንጓዴ ቡናው። የሚታጠበው ቡና መፈልፈያ ገብቶ ቀይ ቆዳውን ይተዋል፣ በገንዳ ይብላላል፣ ታጥቦ በእንጨትና በሽቦ በተሠራ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሳይታጠብ የሚደርቀው ደግሞ ቆዳው ጠቁሮ ጀንፈል ይሆናል። በአልጋው ዙሪያ የቆሙት ሴቶች ፍሬውን እያገላበጡ፣ የተሰበረውን፣ የተነቀዘውንና የጠቆረውን በጣቶቻቸው ጫፍ እያነሱ ወደ ጎን ይጥላሉ፤ ፍጥነታቸውን በዓይን መከተል ያስቸግራል። የሚዛን ከተማ ልጅ ይህን ሥራ አላየም። የሚያውቀው እናቱ የምትቆላውን ጥሬና በጆንያ ታስሮ አይሱዙ ላይ የሚጫነውን ነው። ከሚዛን በስተደቡብ ምዕራብ ያለው ሰፊው የበበቃ እርሻ፣ የቴፒ እርሻና የቴፒ ቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል ከቁንዶ በርበሬና ከእርድ ማሳው ጋር ከከተሞቹ ቅርብ ናቸው፤ ግን ለቀማው ባለበት ወቅት እሑድ ዕለት በሩን ለቤተሰብ የሚከፍት ስፍራ እምብዛም የለም።

አንዳንዱ «የገጠር ልጅ ቡና ሲለቅም ነው የሚያድገው፤ ምን ይጎበኛል?» ይለኛል። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን ልጁ የሚያውቀው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ለቃሚው ልጅ የለቀመው ቡና የት እንደሚደርስ፣ ለምን እንደሚመደብ፣ በምን እንደሚበላሽ አያይም። ጌሻ የተባለውን የቡና ዝርያ ነገር ውሰዱ። ከዚህ አካባቢ ደን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተለቀመ ዘር በታንዛኒያ ምርምር ጣቢያ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፤ ከዚያም ፓናማ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2004 ኤስመራልዳ የተባለው የፓናማ እርሻ ያቀረበው ጌሻ ቡና በውድድር አንደኛ ወጥቶ በጨረታ ፓውንዱ 21 ዶላር ሲሸጥ ዓለም ተገረመ። ዛሬ ቦኬቴ በተባለው የፓናማ አውራጃ ጎብኚ ተቀብሎ ቡናውን ከችግኝ እስከ ስኒ የሚያስጎበኝ እርሻ ብዙ ነው። የቦኬቴ ሰዎች ከእኛ የተሻለ ቡና የላቸውም፤ የተሻለ ያላቸው በራቸውን ከፍተው የሚያወሩለት ልማድ ነው። ለጌሻው መነሻ ለሆነው ምድር ልጅ ይህን ታሪክ የሚነግረው ሰው ሊኖር ይገባል፤ ያ ሰው የሚገኘውም ደኑ ውስጥ ነው። በሸኮና በቤንች ቤቶች ቡናው ሳይሆን ቅጠሉ ከቅመም ጋር ፈልቶ የሚጠጣበት ጨሞ አለ፤ አንድ ልጅ እርሱን ከአያቱ እጅ ሲቀምስና እንዴት እንደሚፈላ ሲማር በምንም ዓይነት ማሳያ መደርደሪያ የማይገባ ቅርስ ያገኛል።

ጠንካራው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። ለዌልስ ሰው እሑድ ዕረፍት ነው፤ ለእኛ ሰው ግን በጎ ፈቃድ ቅንጦት ይሆናል፣ ያለ ክፍያ የሚሠራ ሰው ከየት ይመጣል? ይህን ቀላል አድርጌ አላልፈውም። ለቀማ በኪሎ የሚከፈልበት ሥራ ነው፤ ለቃሚውን ከሥራው አስነሥቶ አስጎብኚ ማድረግ የልጆቹን እራት መውሰድ ነው። ሆኖም በጎ ፈቃደኝነት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ደቦ፣ ዕድር፣ የተማሪዎች የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ ሁሉም ሰው ጊዜውን የሚሰጥባቸው ናቸው። በቦንጋ ዙሪያ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በፋርም አፍሪካ ድጋፍ የተቋቋሙ አሳታፊ የደን አስተዳደር ማኅበራት፣ በሸኮ ወረዳና በሸካ ዞንም እንዲሁ ደን ለመጠበቅ የተደራጁ ማኅበራት፣ ደናቸውን የሚጠብቁት ከደኑ የሚያገኙት ስላለ ነው። ጉብኝቱም በዚሁ ሥርዓት ቢሄድ፣ ማለትም የመግቢያው ክፍያ ለደን ማኅበሩ ገብቶ የለቃሚው ቀን ቢካካስ፣ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ጊዜያቸውን ሰጥተው እንግዳ ቢያስተናግዱ፣ ሸክሙ በድሃው ላይ አይወድቅም። የኤርትራ ባቡርም ይህን ያሳየኛል። ከምጽዋ አስመራ የሚወጣው መስመር ሐዲዱ በጦርነቱ ጊዜ ለምሽግ ተነቅሎ ነበር፤ ከነፃነት በኋላ መልሰው የገነቡት ከጡረታ የተጠሩ አሮጌ ባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራው ተጠናቀቀ። እነዚያ ሰዎች ደመወዝ ይከፈላቸው ስለነበር የታሊሊን ዓይነት በጎ ፈቃደኞች ልላቸው አልችልም፤ ድሃ አገር በራሱ እጅ የራሱን ቅርስ ማስነሳት እንደሚችል ግን ያረጋግጣሉ። ወሳኙ ገንዘቡ ሳይሆን ሥራውን የሚያውቀው ሰው ከነሕይወቱ መኖሩ ነው። የጀንፈል አልጋውን የሚያውቁት ሴቶች፣ ማሩን ከዛፍ የሚያወርዱት አባቶች ዛሬ አሉ።

ሌላው ተቃውሞ የፀጥታ ነው። ጉራፈርዳ በቅርብ ዓመታት የሰው ሕይወት የጠፋባቸው ግጭቶች የታዩበት ወረዳ ነው፤ በእንዲህ ያለ ስፍራ ቤተሰብ ይዞ መውጣት ከባድ ነው የሚል ሰው ትክክል ይናገራል። መልሴ ሩቅ አትሂዱ ነው። የምደግፈው ከአዲስ አበባ የሚመጣ የቱሪስት ጉዞ አይደለም፤ ለሚዛን ሰው ከሚዛን ጎን ያለውን፣ ለቴፒ ሰው ከቴፒ ጎን ያለውን፣ ለቦንጋ ሰው ከቦንጋ ጎን ያለውን ነው። ያውም አንድ ግቢ ውስጥ ቤንቹ፣ ሸኮው፣ ከሌላ ክልል መጥቶ የሰፈረው ቤተሰብ አብሮ ቡና የሚያገላብጥበት ቀን ከተራራቁ ጎረቤቶች መካከል መተዋወቅን የሚያመጣ ነገር ይሆናል። ይህን ትልቅ ተስፋ አላደርገውም፤ ቀላል ዕድል ግን ነው።

ሙዚየሙን ለምን አልተቀበልክም የሚሉኝም አሉ። በቦንጋ ለቡና ሙዚየም ሕንፃ መሠራቱን አከብራለሁ፤ ከፋ የቡና መገኛ መባሉም ይገባዋል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 የከፋን፣ በ2012 የሸካን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል። ግን መዝገብና ሕንፃ ከላይ የሚመጡ ናቸው፤ ለሚዛን ቤተሰብ ወጪውን ችሎ፣ ምሳ ቋጥሮ የሚሄድበት ቀን አይሰጡም። በመስታወት ሥር የተቀመጠ መፈልፈያ ከሚሠራ መፈልፈያ ጋር አይመሳሰልም፤ ታሊሊንም ሎኮሞቲቩን ከነውበቱ ቤት ውስጥ ቢያስቀምጠው ኖሮ ልጆች አንድ ጊዜ አይተው ባልተመለሱ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ መደረግ ያለበት ትንሽ ነገር ነው። አንድ የደን ማኅበር ወይም አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር በመጪው የለቀማ ወቅት የማድረቂያ ግቢውን ለአራት እሑዶች ብቻ ለቤተሰቦች ይክፈት። መግቢያው ሳንቲም ይሁን፣ ለልጆች ነፃ። ከአልጋው አጠገብ ሁለት የሚናገሩ ሴቶች ይቁሙ፤ የቀፎው ባለቤት ማሩን ያሳይ፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የጌሻን ታሪክ በቤንችኛ፣ በሸኮኛ፣ በካፊኖኖና በአማርኛ ይተርኩ። ቡናው የሚፈላው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ልጁ ሲለቀም ካየው ፍሬ ነው። ትልልቆቹ እርሻዎችም ከሠራተኞቻቸው ቤተሰብ ጀምሮ በወቅቱ አንድ ቀን ለአካባቢው ሰው ቢመድቡ ይቻላቸዋል፤ የፍሬ ስርቆት ስጋታቸውን ለማስወገድ ጉብኝቱን ከማሳው ሳይሆን ከማድረቂያው ግቢ ይጀምሩት።