ገባ እና ገጠመ

እኛ ሰፈር “ገባ!” ተብሎ ከተጮኸ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ቁም ሳጥኑ በጠባቡ ደረጃ ገባ፤ ሃያ ሰው በአሥራ ሁለት ሰው ታክሲ ገባ። ገጠመ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ዕቃ የማድረስ ሥራ አገኘ። የሚፈለገው ብስክሌት ያለው ሰው ነው። አያቱ የተዉለት አሮጌ ብስክሌት አለችው፤ አካሏ ጠንካራ፣ የፊት ቸርኬዋ ግን የተጣመመ። ምናለሽ ተራ ወርዶ ሌላ ጎማ ከነቸርኬው ገዛ። ሰኞ ሥራ ሊጀምር ቅዳሜ ጎማው አልገባ አለ።

ምን መሰላችሁ፣ ጎማውን ግራና ቀኝ በሚይዙት የብስክሌቷ እግሮች መሀል ያለው ክፍተት 91 ሚሊሜትር ነው። የተገዛው ጎማ የተሠራው ደግሞ ለ100 ነው። ልዩነቱ 9 ሚሊሜትር! የጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም። ሰፈሩ የናቀውም ለዚህ ነው። አንዱ “ፈልቀቅ አድርገህ ክተተው!” ሲል ሌላው መዶሻ ይዞ ደረሰ።

እኛ ግን ወደ አንድ ሽማግሌ ብስክሌት ጠጋኝ ሄድን።

“መግባቱንስ ይገባል ልጄ” አሉት። “ግን እግሮቹ በግድ ሲከፈቱ ጫፋቸው ይንጋደዳል። ዳዶው ደልደል ብሎ አይቀመጥም፤ ፔርኖው ይጎብጣል፤ ኩሽኔታው ይበላል። ይህን ሁሉ የምታውቀው ቁልቁለት ላይ ነው።”

መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉ፤ ያዘ። አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ እንደማይነኩት ነገሩን፤ ይሰነጠቃላ። ከዚያ ከጎማው ፔርኖ ላይ፣ ከግራም ከቀኝም፣ 2 2 ሚሊሜትር የሚሆኑ ሮንዴላዎች አወጡ። የቀረችውን 5 ሚሊሜትር ከእግሮቹ ፈለጉ። ሁለት ዳዶ የገባበት ረጅም ቡሎን መሀላቸው አጋድመው ዳዶዎቹን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውጭ አዞሩ። ብረት ሲለቁት ወደ ነበረበት ስለሚመለስ ከሚፈለገው በላይ ይከፍታሉ፣ ይለቃሉ፣ ይለካሉ፤ እንደገና ይከፍታሉ።

“አባባ፣ ሰኞ እኮ ሥራ አለብኝ!” አለ ልጁ።

“ለዚያ እኮ ነው” አሉት፣ ቀና ሳይሉ።

በመጨረሻ ጎማውን አስገብተው ቸርኬው ወደ የትኛው እግር እንደተጠጋ አዩ። ግራውን ቀኝ አድርገው ገለበጡትና ደግመው አዩ። አሁንም ወደዚያው እግር ከተጠጋ ጥፋቱ የእግሮቹ ነው፤ ወደ ሌላው ከዞረ የቸርኬው። የእግሮቹ ሆኖ ተገኘ። አንደኛውን ብቻ ትንሽ ገፋ አደረጉት። ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው።

እኔን የገረመኝ ሁለቱም ወገን መስጠቱ ነው፤ ጎማው 4፣ እግሮቹ 5። እኛ አዲስ ምራት ወደ ቤት ስናስገባ “እሷ ትልመደን” እንላለን። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ “እሱ ይስተካከል” እንላለን። ከገጠር የመጣ ተማሪ አነጋገሩን እስኪለውጥ እንስቅበታለን። ሦስቱም ገብተዋል፤ ኩሽኔታው ሲበላ ግን ድምፁ የሚሰማው ቆይቶ ነው። ማን ስንት ሚሊሜትር እንደሚሰጥ የሚለካ ሽማግሌ ሳንጠራ፣ መዶሻ የያዘው ቀድሞ ይደርሳል።