የእማማ እርማት

ይህች ጽሑፍ ሂስ ሳትሆን ግለ ሂስ ናት። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይተን የምንኖር የስድስት ኪሎ ተማሪዎች ነን፤ ሁለታችን ታሪክ፣ አንዳችን ሥነ ጽሑፍ እናጠናለን። ቴሌቪዥን ስለሌለን እሑድ ማታ አከራያችን እማማ ዘንድ ጎራ ብለን ተከታታይ ድራማ እናያለን። ድራማው የድሮ ዘመን ታሪክ የሆነ እንደሆነ ደግሞ የራሳችን ጨዋታ አለን፤ ስሕተቱን እየለቀምን እንቆጥራለን፤ ያነሰ የቆጠረ በማግስቱ ማኪያቶ ይጋብዛል።

ሰሞኑን ያየነው ድራማ፣ ስሙ ይቅርና፣ ዘመኑ 1970 ዓ.ም.፣ ነገሩ ቀይ ሽብር ነው። ወይ ጉድ! የቀበሌው ሊቀ መንበር ጠረጴዛ ላይ ሃይላንድ ቁጭ ብሏል። ከጣራው በላይ ዲሽ ይታያል። አብዮት ጠባቂው ጓዱን ሲሰናበት «ይመችህ» አለው። መኪናዋ እየከነፈች ስታልፍ ከኋላዋ የኛው የጎተራ ማሳለጫ ብቅ አለ፤ እሱ እኮ የተመረቀው በ2001 ዓ.ም. ነው! በሳቅ ፈረስን። እማማም አብረውን ሳቁ።

ቀጥሎ አንዲት እናት የልጇን ሬሳ መንገድ ዳር አገኘች። ደረቷን እየደቃች ጮኸች፤ ጎረቤት ተሰብስቦ አብሯት አለቀሰ። ሳቃችን ቆመ። ከመካከላችን አንዱ ዐይኑን እየጠረገ «ይቺን እንኳ አሳምረዋታል» አለ።

«ውሸቱስ እሱ ነው» አሉ እማማ።

ሪሞቱን አንሥተው ድምፁን ቀነሱት። «ልጆቼ፣ ያን ጊዜ ማን አልቅሶ! ካዛንቺስ ነበርን፤ እኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። ታላቅ ወንድሜን ጠዋት አስፋልት ዳር ወድቆ አየነው፤ ደረቱ ላይ ወረቀት ለጥፈውበታል። እናቴ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ እንደማታውቀው ሰው አልፋው ሄደች። ነጠላዋን እንኳ አላዘቀዘቀችም። ቤት ገብታ ሙቀጫ አወጣችና ቡና መውቀጥ ያዘች። ቡናው ሲያልቅ ባዶውን ወቀጠች። ድምፁ ልቅሶዋን እንዲሸፍንላት ነው።»

እኛ ይህን በመጻሕፍት አንብበነዋል። ለተገደለ ልጅ ማልቀስ ክልክል እንደነበር፣ ሬሳ ሊወስዱ የሄዱ ወላጆች የጥይቱን ዋጋ ይጠየቁ እንደነበር በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈን ነጥብ አግኝተንበታል። ታዲያ ያን ማታ ዋናው ስሕተት በዐይናችን ፊት ሲያልፍ አላየነውም። ሃይላንዱን ቆጠርን፤ ጩኸቱን አመንን።

«ድራማ እኮ ነው፤ ዝም ያለች እናት ለተመልካች ምን ትነግረዋለች?» ሲል የሥነ ጽሑፉ ጓደኛችን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከረን። ደራሲ የመፍጠር መብት እንዳለው አንክድም። ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) ያሳየን አንበርብርም የፈጠራ ሰው ነው፤ ነገር ግን ከግዳጅ ውትድርና ሸሽተው ዋሻ የገቡት ልጆች ፍርሃት የዚያው ዘመን ፍርሃት ነው። ይኸው አዘጋጅ ስለ ዓድዋ ፊልም (እ.ኤ.አ. 1999) ሲሠራ አረጋውያንን አስቀምጦ አስተርቷል።

የሆነ ሆኖ የኛ አስተያየት ይህ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ጠርሙስ በቀላሉ ይነሣል። ሰው ያኔ ምን ማድረግ እንዳልቻለ ከተረሳ ግን ዘመኑ ራሱ ይጠፋል። ታናናሾቻችን በቀይ ሽብር ጊዜ እናት እንደ ልቧ ታለቅስ ነበር ብለው ካደጉ፣ ሽብሩ ምኑ ላይ እንደነበር በምን ይገባቸዋል?

ልብሱን ማወቅ ለሚፈልግ አዘጋጅ መስቀል አደባባይ ላይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለለት፤ የሟቾቹ ልብስና ፎቶግራፍ እዚያ ይታያል። የእማማን ሰፈር ለመቅረጽ ግን ረፍዷል፤ የካዛንቺስ ብዙው ክፍል በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሷል። የሙቀጫውን ነገር የሚያውቁ ሰዎች ግን እስካሁን በየቤቱ አሉ፤ የሚጠይቃቸው ነው የጠፋው።

በሚቀጥለው እሑድ ስንሄድ ማንም ስሕተት አልቆጠረም። ደብተር ይዘን ነበር። እማማ ቴሌቪዥኑን አጠፉና፣ «እናቴ እርሟን ያወጣችው ደርግ ሲወድቅ፣ በ1983 ነው» ብለው ጀመሩልን።