የእድራችን መዋጮና የጎፋ ቤቶች

እኛ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ነው። ሰፈራችን ከመርካቶ ጎን ነው። ቤቶቻችን የጭቃ ናቸው፤ ግድግዳቸው የተያያዘ ነው። ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንለው ከአልጋችን ሳንነሣ ነው።

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ዝናብ በዛ። ተራራው ተናደ። ቤት ከነሰው ተቀበረ። የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡትንም ሌላ ናዳ መጣባቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

እድራችን ተሰበሰበ። «የእድሩ ገንዘብ የቀብር ነው፤ ደንቡ ለሌላ አይፈቅድም» አሉ ዳኛው። እውነታቸውን ነው። ሣጥኑን ሳንነካ ለብቻው አዋጣን። ከዚያ ክርክር መጣ። ገሚሳችን ልብስ እንላክ አልን። ገሚሳችን ቆርቆሮና ሚስማር አልን። መርካቶ እግራችን ሥር ነው፤ ገዝቶ መጫን ምን ይከብዳል?

አንዲት እናት ተነሡ። «ቆርቆሮውን የት ልትመቱት ነው? እዚያው ገደል ሥር?» አሉ።

ዝም አልን። ለካ ቤት የሚጀምረው ከመሬት ነው! መጀመሪያ ናዳ የማይደርስበት ቦታ ይፈለጋል። ቦታውን የሚሰጠው መንግሥት ነው። ውሃና መንገድም ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል። እስከዚያ የሰው ልብ ይቀዘቅዛል። በሳምንቱ ለእህልና ለድንኳን የሚሰጥ ሞልቷል። በዓመቱ ለቤት የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ገንዘባችንን ቤት ለሚሠራ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ለመስጠት ተስማማን። እንዲህ ያለው የድጋፍ ገንዘብ ይባላል። ብድር አይደለም፤ አይመለስም። ታዲያ አይመለስም ማለት አይጠየቅም ማለት አይደለም። ትልልቅ ለጋሾች ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ከፋፍለው ነው የሚሰጡት። የመጀመሪያው ምን ላይ እንደዋለ በጽሑፍ ካልቀረበ ሁለተኛው አይለቀቅም። ሕግም አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113፣ የድርጅቱ የአስተዳደር ወጪ ከገቢው ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ይላል።

ይህን አጥብቀን የያዝነው በከንቱ አይደለም። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ለጎርፍ ተጎጂዎች አዋጥተን ነበር። የተቀበለን ደረሰኝ አልሰጠንም። ገንዘቡ ምን እንደሠራ እስከ ዛሬ አናውቅም።

አሁን ግን ዝርዝር ወረቀት ጠየቅን። መጣ። ቁጭ ብለን አነበብነው። የቆርቆሮ፣ የሚስማር፣ የማገር፣ የጭነት ዋጋ ተጽፏል። ጭቃ ለማቡካትና ለመምረግ ግን ዜሮ!

«ይኼ እንዴት ነው?» አልን።

«እሱ የሕዝቡ ድርሻ ነው፤ በደቦ ይሠሩታል» አለን ሰውየው።

ጭቃ አቡክተን እናውቃለን። ጭዱ፣ ውሃው፣ የወገብ ሕመሙ! ልጁን የቀበረ ሰው በባዶ ሆዱ ጭቃ ይርገጥ? «ለደቦው ምሳ» የሚል አንድ መስመር ይግባ አልን። ገባ።

ደረሰኙ በእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ ተለጥፏል። እኚያ እናት በየወሩ ሊከፍሉ ሲመጡ በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡታል። «የቤቱስ ወረቀት?» ይላሉ። ገና አልደረሰንም።