ለነፋስ እጅ መንሳት

የሰዓት ሙከራ ብስክሌት ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። እኔን የገረመኝ ግን አቀማመጡ ነበር። ጋላቢው ክርኖቹን አጥብቦ፣ አገጩን ወደ እጆቹ አውርዶ፣ ጀርባውን እንደ ጠረጴዛ ዘርግቶ ይሄዳል። ጤነኛ ሰው በፈቃዱ እንዲህ አይቀመጥም። ይህን አጎነባበስ ማን ጀመረው ብዬ ስከታተል ነገሩ ከብስክሌት ሱቅ አስወጥቶ በፈረስ ጋሪ፣ በበረዶ ሸርተቴና በልብስ ማጠቢያ ማሽን በኩል ይዞኝ ዞረ።

የሁሉም መነሻ አንድ የደነገጠ ፈረስ ነው። በ1894 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላ ያሉትም እንዲሁ) ከለንደን ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ብስክሌተኞች ሲሽቀዳደሙ አንዲት ሴት በጋሪ ስትሄድ ይደርሱባታል። ፈረሱ በረገገ፤ ሴትየዋም ጉዳዩን ለፖሊስ አቤት አለች። ብዙም ሳይቆይ የብስክሌተኞቹ ማኅበር ራሱ በሕዝብ መንገድ ላይ መሽቀዳደምን ከለከለ። ከዚያ ቀን ተወዳዳሪዎች አንዱ የነበረው ፍሬድሪክ ቶማስ ቢድሌክ መላ ዘየደ፦ ሁሉም በአንድ ላይ ከሚነሱ አንድ በአንድ፣ በየተራ ቢነሱና ከሰዓት ጋር ቢታገሉስ? አንድ ሰው ብቻውን ፈጠን ብሎ ቢሄድ ውድድር ላይ ነው ብሎ ማን ይከሰዋል? የመጀመሪያው ሙከራ በኦክቶበር 5 ቀን 1895 ተካሄደ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት እንግሊዞቹ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ጥቁር ለብሰው፣ የመንገዱን ስም በምስጢር ቁጥር ጽፈው፣ የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝር የያዘው ወረቀት ላይ «ምስጢር» የሚል አትመው ይወዳደሩ ነበር። ያኔ ጭንቀቱ በፖሊስ ዓይን አለመግባት ነበር። የዛሬዎቹ ደግሞ ነፋስ እንዳያያቸው ነው የሚጨነቁት።

የነፋስ ሒሳብ ጨካኝ ነው። በሜዳ ላይ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጋልብ ሰው አብዛኛው ጉልበቱ የሚያልቀው አየር ሲገፋ ነው። ፍጥነቱን እጥፍ ላድርግ ካለ አየሩን ለመግፋት ብቻ ስምንት እጥፍ ኃይል ይጠየቃል። ከዚህ ተቃውሞ ሦስት አራተኛ ገደማውን የሚያመጣው ደግሞ ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ብስክሌት ሳይሆን ላዩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ሱቁ ቀጭን ቴላዮና ደፍን ጎማ ይሸጥልሃል፤ ጠባብ ትከሻ ግን የለውም።

ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዷል። ብስክሌተኛው ኤዲ መርክስ በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ጋልቦ ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። በ1984 ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሞዘር እዚያው ከተማ ላይ በደፍን ጎማዎች 51.151 አደረሰው። ጎማው ተለወጠ፤ የሰውየው እጆች ግን አሁንም ግራና ቀኝ ተለያይተው ደረቱን ለነፋስ ከፍተው ነበር።

እጆቹን ወደ መሐል የሰበሰበው ሰው የመጣው ከበረዶ ተራራ ነው። ቡን ሌነን የአሜሪካ የበረዶ ሸርተቴ ቡድን አሠልጣኝ ነበር። ቁልቁል የሚወርድ ተንሸራታች እጆቹን ከፊቱ ገጥሞ እንደሚታጠፍ ሲያይ ኖሯልና ያንን አቋም ብስክሌት ላይ የሚያስቀምጥ መሪ ሠራ፦ ክርን የሚያርፍበት ትራስና ወደፊት የተዘረጋ እጀታ ያለው። ለገበያ ያቀረበው ስኮትም ሥራውን የጀመረው በበረዶ ሸርተቴ ዱላ ነው። ቀድመው የገዙት የትራያትሎን ሰዎች ነበሩ፤ ስፖርታቸው ገና ልጅ ስለነበር «አባቶቻችን እንዲህ አላደረጉም» የሚላቸው አልነበረም።

ከዚያ ጁላይ 23 ቀን 1989 መጣ። የቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን፣ ከቬርሳይ እስከ ፓሪስ 24.5 ኪሎ ሜትር የሰዓት ሙከራ። ፈረንሳዊው ሎራን ፊኞ በ50 ሴኮንድ ይመራል። ተከታዩ አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት አደን ላይ በስሕተት ተተኩሶበት ከሞት የተረፈ፣ እርሳሱ ገና ከሰውነቱ ወጥቶ ያላለቀ ሰው። ለሞንድ የሌነንን መሪ ገጥሟል፤ ከኋላው የሾለ ሄልሜት አድርጓል። ፊኞ ሁለቱም ጎማዎቹ ደፍን ናቸው፤ ራሱ ላይ ግን ምንም የለም፤ ከኋላ ያሰረው ጸጉሩ ይውለበለባል። ለሞንድ በሰዓት በአማካይ 54.5 ኪሎ ሜትር ጋልቦ በ58 ሴኮንድ በለጠው። ከ3 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር በላይ የተጋለበበት ውድድር በ8 ሴኮንድ ተለየ። ፊኞ ጸጉሩን ቢቆርጥ ኖሮ ይላሉ እስከ ዛሬ። ፊኞ መቀመጫው ላይ ቁስል ወጥቶበት እያቃሰተ ይጋልብ እንደነበር ግን ጸጉሩን የሚያነሱት ብዙም አያነሱትም።

እኔ ከሁሉም የምወደው ስኮትላንዳዊውን ግሬም ኦብሪን ነው። የብስክሌት ሱቁ ከስሮበት ሥራ ፈት ሆኖ ሳለ ብስክሌቱን በገዛ እጁ ሠራው፤ ኩሽኔታውንም ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ፈትቶ ገጠመበት። እጆቹን ደረቱ ሥር አጣጥፎ፣ አገጩን ከመሪው በላይ አስግጎ ነበር የሚጋልበው። በጁላይ 1993 ኖርዌይ ውስጥ ሐማር ላይ የሞዘርን ክብረ ወሰን ሞከረ፤ አልተሳካም። ነገ እሞክራለሁ አለ። ሌሊቱን ጡንቻው እንዳይደርቅ እየተነሣ ማፍታታት ነበረበት፤ ደወል አልሞላም፤ ብዙ ውኃ ጠጥቶ ተኛ፤ ፊኛው ቀሰቀሰው። በማግሥቱ 51.596 ኪሎ ሜትር! ከስድስት ቀን በኋላ ሌላው ጋላቢ ክሪስ ቦርድማን ቦርዶ ላይ 52.270 ጋልቦ ወሰደበት። ማጠቢያ ማሽኑ ግን ለዘላለም የኦብሪ ነው።

የዓለም ብስክሌት ማኅበር በዚህ አልተደሰተም። በ1994 የኦብሪን አቀማመጥ ከለከለ። ኦብሪ እጆቹን ወደፊት ዘርግቶ መጣ፤ በ1996 ቦርድማን በዚያ አቀማመጥ 56.375 ሲያደርስ ማኅበሩ ያንንም ከለከለ። ሰው በጎነበሰ ቁጥር ሕግ ወጣለት፤ ከሕጎቹ አንዱ የመቀመጫው አፍንጫ ከፔዳሉ መሐል ዘንግ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሁን የሚል ነበር።

ይህቺ 5 ሴንቲ ሜትር ናት እኔን ግንበኛ ያደረገችኝ። እዚሁ እንግሊዝ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ያገለገለ የሰዓት ሙከራ ብስክሌት ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ተከለው፤ እኔ ደግሞ ከመቀመጫው አፍንጫ ቱምቢ አንጠልጥዬ ተንበረከክሁ። «ጋሼ፣ ክሩን አታወዛውዘው እንጂ!» ይለኛል ከላይ። የሚወዳደርበት የሰፈር ክለብ ይህን ልኬት አይጠይቀውም ነበር፤ ግን የዓለም ሻምፒዮና ድንገት ቢጠራውስ?

ቀጥሎ የክርን ትራሶቹ ሥር ያሉትን ቀለበቶች አንድ በአንድ አውጥተን ፊቱን ዝቅ አደረግነው። ከጎን ሲያዩት ያምራል። ሲጋልብ ግን ጉልበቱ ሆዱን ይመታዋል፤ ትንፋሹ ያጥራል፤ የኃይል መለኪያው ቁጥር ቁልቁል ይወርዳል። ዝቅ ማለት ሁልጊዜ መፍጠን አይደለም፤ ዳሌው ከመጠን በላይ ሲታጠፍ እግር አቅም ያጣል። ለዚህ ነው ዛሬ ብዙዎቹ ፔዳሉ የሚያያዝበትን ብረት ከ172.5 ወደ 165 ሚሊ ሜትር የሚያሳጥሩት፣ እጆቻቸውንም መልሰው ወደ ፊታቸው ከፍ ያደረጉት። የአክስቴ ልጅ ግን የበረዶ ሸርተቴ ሰዎች ያላሉትን አልሰማም አለ።

በዚህ መሐል አክስቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን ወደ እሱ አዞርኩት። ሹል ሄልሜት፣ የተላጨ ባት፣ አፍንጫውን እጆቹ ላይ ደፍቶ ላብ የሚያንጠባጥብ ልጇን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«የት ልትደርስ ነው ልጄ?»

«የትም እማዬ፣ ተተክሎ ነው።»

«ታዲያ ካልሄድክ ቀና ብለህ አትቀመጥም?»

እሱ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሁለት ቀለበት መለስኩበት።