ስለ ባለ ዐሥራ ሁለት አውታሩ ጊታር

ዘፈን የሚወድ ሰው ስለ ምን እንደሚወደው ቢጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ እኔም «ዘ በርድስ» የተባሉትን የአሜሪካ ሙዚቀኞች የምወድበትን ምክንያት ለመጽሔታችን አንባቢዎች ባጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ይህ የሙዚቃ ጓድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ተቋቋመ። መጀመሪያዎቹ አባሎች ሮጀር ማግዊን፣ ጂን ክላርክ፣ ዴቪድ ክሮስቢ፣ ክሪስ ሂልማንና ማይክል ክላርክ ነበሩ። የማግዊን የኤሌክትሪክ ጊታር ዐሥራ ሁለት አውታር አለው፤ አውታሮቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚመቱ ድምፁ እንደ ደወል ያስተጋባል። ዐሥር አውታር ያለው በገናችን ልብን ወደ ውስጥ ሲመልስ፥ ይህ ግን ወደ ላይ ያነሣል።

በ1965 ዓ.ም. ቦብ ዲላን የደረሰውን «ሚስተር ታምቡሪን ማን» ከአራት የግጥም ክፍሎች አንዱን ብቻ ወስደው ተጫወቱት፤ በአሜሪካና በእንግሊዝም አንደኛ ሆነ።

እኔ ግን አብልጬ የምወደው በዚያው ዓመት ያወጡትን «ተርን! ተርን! ተርን!» የተባለውን ነው። ዜማውን የደረሰው ፒት ሲገር ሲሆን፥ ቃሉን ከሞላ ጎደል የወሰደው ከመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 3 ነው። በመጨረሻም የራሱን የሰላም ምኞት ጨመረበት። የአሜሪካ ወጣቶች ወደ ቬትናም ጦርነት በሚላኩበት ዘመን ይህ ጥንታዊ ቃል በየሬዲዮው ተሰማ።

አባቴ የውጭ ዘፈን ጩኸት ነው ባይ ናቸው። የዚህን ዘፈን ቃል በአማርኛ ባነብላቸው ግን፥ «ይህማ የመክብብ ነው!» ብለው እስኪያልቅ አዳመጡ። ጊታሩን አልወደዱትም፤ ቃሉን ግን አልነቀፉም።

ሽማግሌዎች የአባቶችን ዜማ በአዲስ መሣሪያ መጫወት ማበላሸት ነው ይላሉ። ከእኛም መካከል አሮጌው አይረባም የሚል አይጠፋም። ጓዱ በ1973 ዓ.ም. ቢበተንም፥ ሥራው ለሁለቱም ወገን መልስ ይሰጣል። አዲሱ መሣሪያ አሮጌውን ቃል ተሸክሞ ላልሰሙት አደረሰው እንጂ አላጠፋውም።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ የአገራችንን ዜማ በጊታር ለመጫወት የምንሻ ሁሉ፥ አስቀድመን ምስጢሩን ከሚያውቁት ተቀምጠን እንማር። ከዚያ በኋላ አውታሩ ዐሥርም ይሁን ዐሥራ ሁለት አያሳፍረንም።