ጠገራው ማህተም አለው፣ አንጥረኛውስ?

እናንተዬ፣ የጥንት ፈረንጆችን የብር ማንኪያ ጀርባውን ገልብጣችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትንንሽ ማህተም አለበት። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በብር ሥራ የታወቀችው የጀርመኗ አውግስበርግ የጥድ ፍሬ ትመታበት ነበር፤ አጠገቡ የሠሪው ምልክት። "ማን ሠራው?" ላላችሁ መልሱ እዚያው ነው።

ወደ ቆቦ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። አያቴ ለበዓል የምታጠልቀው ድሪ አላት። መሀሉ ላይ አንድ ጠገራ ብር ተንጠልጥሏል፤ የቀረው ሌሎች ጠገራዎች ቀልጠው የተሠራ ነው። ጠገራዋ ማርትሬዛ ናት፤ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ። ሴትዮዋ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ ብሯ ግን እስከ ዛሬ በዚያው ዓመት ይታተማል! ክብደቷ 28 ግራም ገደማ፣ ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር። "ወቄት" የምንለው መለኪያም የእሷው ክብደት ነው። ከምስሏ ሥር ያሉት ሁለት ፊደላት ከአውግስበርግ ብዙም በማትርቀው ጉንዝቡርግ የነበሩ የብር ማተሚያ ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው። የእኛ ሰው ፊደሉን ባያነብም የራስ ጌጧን ዕንቁ ይቆጥር ነበር። ቁጥሩ ካልሞላ ወዲያ በሉት! አፄ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ቢያሳትሙም ገበያው እሷን የሙጥኝ እንዳለ ቆየ።

አንጥረኛው እንግዲህ ይህን ሁሉ ማህተም አቅልጦ ያጠፋዋል። የራሱን ግን አይመታም። ደንበኛዋ ጠገራዋን ቆጥራ ሰጥታ ጌጧን አስመዝና ትረከባለች፤ ብሩ የራሷ፣ ሠሪው የአገሯ ሰው፣ ማህተም ምን ያደርግላታል? ለእኔ ግን ሌላም ምክንያት ይታየኛል። ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እያልን የሸሸነው ሰው በየትኛው ልቡ ስሙን ይመታል? ጌጡ አንገታችን ላይ፣ ሠሪው ከደጃችን ውጭ!

አምና ቤተሰቡ ድሪው ይሸጥ አይሸጥ ብሎ ሲከራከር አዲስ አበባ አምጥተን አስገመትነው። ነጋዴው ሚዛን ላይ ጣል አድርጎ የግራሙን ሒሳብ ነገረን።

"የእጅ ዋጋውስ?" አልኩት።

"ማን እንደሠራው ታውቃለህ?"

እዚያው ቆሜ አያቴ ጋ ደወልኩ። ስሙን ከነአባቱ፣ ስንት ጠገራ እንደሰጠችው፣ ስንት ቀን እንዳመላለሳት ሳይቀር ዘረገፈችልኝ። "አንዷን አታቅልጥብኝ ብዬው እኮ ነው የተንጠለጠለችው፣ ልጄ" አለችኝ። ለነጋዴው ስሙን ብነግረው ዋጋው ንቅንቅ አላለም።

ድሪውን ይዘን ወጣን። ስሙን በወረቀት ጽፌ ከድሪው ጋር ጠቅልዬዋለሁ። እዚህም ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን ልጆቹ እዚያው ቆቦ ናቸው፣ "የአንጥረኛ ልጅ" መባሉን ይውደዱት ይጥሉት ገና አልጠየቅኳቸውም።