ዳንሱን ማን አስቆመው?

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ወጣ ብዬ ስለ ሙዚቃ ልጻፍ። ትንሽ ያልኩት በምክንያት ነው፤ መጨረሻው ግብር ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጃዝ ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን ደብዘዝ ያለ መብራት፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ አድማጭና ዓይኑን ጨፍኖ ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ነው። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከነሙላቱ አስታጥቄ ጋር ሲገናኝ እኛም የተቀበልነው እንደ ትልቅ የኮንሰርት ሰው ነበር። ይሄው ሰው ግን እንጀራውን የጀመረው ሰው በማስጨፈር ነው። በ1930ዎቹ ስዊንግ የሚባለው ጃዝ የወጣቱ የዳንስ ሙዚቃ ነበር።

የዳንሱ ዋና ቤት ሳቮይ ይባላል። ኒውዮርክ ውስጥ፣ የጥቁሮች ሰፈር በሆነው በሃርለም፣ በመጋቢት 1926 ተከፈተ። አዳራሹ ከ140ኛው እስከ 141ኛው መንገድ ድረስ ይዘልቃል። ሁለት መድረክ ስለነበረው አንዱ ባንድ ሲያርፍ ሌላው ይቀበላል፤ ሙዚቃው አይቋረጥም። የእንጨቱ ወለል ከእግር ብዛት ስለሚያልቅ በየጥቂት ዓመቱ ይቀየር ነበር።

እዚያው ሃርለም ውስጥ ኮተን ክለብ የሚባል ስመ ጥር ቤትም ነበር። እዚያ መድረክ ላይ የሚሠሩት ጥቁሮች፣ ተቀምጠው የሚያዩት ግን ነጮች ብቻ ነበሩ። ኤሊንግተን ስሙን ያገነነው እዚህ ቤት ሲጫወት ነው። ሳቮይ ግን ጥቁርም ነጭም በአንድ በር ገብቶ አንድ ወለል ላይ የሚጨፍርበት ቦታ ነበር። ይህ የሆነው በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ዘር መለያየት ሕግ በነበረበት ዘመን ነው። እዚያ ቤት የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ መደነስ ትችላለህ ወይስ አትችልም?

የሳቮይ ንጉሥ ቺክ ዌብ የሚባል ከበሮ መቺ ነበር። በልጅነቱ የአከርካሪ ነቀርሳ ይዞት ቁመቱ አጭር፣ ጀርባው ጎባጣ ሆኖ ቀርቷል። በ1939 ሲሞት ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነበር፤ እኔ አሁን ባለሁበት ዕድሜ ማለት ነው። በግንቦት 1937 «የስዊንግ ንጉሥ» የተባለው ነጩ ቤኒ ጉድማን ባንዱን ይዞ ሳቮይ ድረስ መጥቶ ተፎካከረው። አዳራሹ ሞልቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ውጭ ቀረ። ዳኛው ሕዝቡ ነበር፤ አሸናፊው ቺክ ዌብ ሆነ። የጉድማን ዝነኛ ከበሮ መቺ ጂን ክሩፓ ራሱ መበለጡን በኋላ መስክሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከበሮ መቺው የዳንሰኛውን እግር እያየ ይመታል፤ ዳንሰኛው ደግሞ ከበሮውን ሰምቶ ይዘላል። አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይሄን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ግጥም የሚሰጥ፣ ትከሻ የሚነቀንቅ እንግዳ ከሌለ አዝማሪው ብቻውን ምን ያደርጋል?

ታዲያ ያ ሁሉ ጭፈራ የት ገባ? የተለመደው መልስ «ጊዜው ተለወጠ» የሚል ነው። እውነትነት አለው። ጦርነቱ ሙዚቀኞቹን ለውትድርና ወሰደ። ቤንዚንና ጎማ በራሽን ስለሆነ ባንዶች ከከተማ ከተማ መዞር ከበዳቸው። ከ1942 ጀምሮ የሙዚቀኞች ማኅበር ከሸክላ አሳታሚዎች ጋር ተጣልቶ ለረጅም ጊዜ ቀረጻ አቆመ። በኋላም ቴሌቪዥን መጣ።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን ይሄ ነው፦ በሚያዝያ 1944 የአሜሪካ መንግሥት ዘፈንና ዳንስ ባለባቸው መዝናኛ ቤቶች ሒሳብ ላይ 30 በመቶ ግብር ጣለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ 20 ዝቅ አለ፤ እዚያው ላይም ዓመታት ቆየ። ዘፋኝና ዳንስ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የሚጫወት ቤት ግን ነፃ ነበር። የቤት ባለቤት ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እነሱም ያንኑ አደረጉ። የዳንሱን ወለል በጠረጴዛ ሞሉት፤ «መደነስ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍም ለጠፉ። ለአሥራ አምስት ሙዚቀኛ የሚከፍል ሲጠፋ አራትና አምስት ሰው በቂ ሆነ። በ1946 መጨረሻ አካባቢ የጉድማንን፣ የቶሚ ዶርሲንና የሃሪ ጄምስን ጨምሮ በርካታ ትልልቅ ባንዶች ተበተኑ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ቢቦፕ ግብር ወለደው እያልኩ አይደለም። ቻርሊ ፓርከርና ጓደኞቹ ሌላ ነገር ፈልገው የደከሙ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የቆመው አድማጭ እንዲቀመጥ ሕግ አግዟል። ግብሩ ሙሉ በሙሉ የተነሳው በ1965 ነው። ሳቮይ እስከዚያ አልቆየም፤ በ1958 ተዘግቶ ፈረሰ፤ ቦታው ላይ የመኖሪያ ሕንፃ ተሠራበት። ከሳቮይ ታላላቅ ዳንሰኞች አንዱ ፍራንኪ ማኒንግ ደግሞ ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ሠላሳ ዓመት ያህል ሠራ። በ1980ዎቹ ወጣቶች ፈልገው አግኝተውት እንደገና ማስተማር ጀመረ፤ በ94 ዓመቱ በ2009 አረፈ።

ይሄ ነገር ለምን እንደሚቆጠቁጠኝ ልንገራችሁ። እዚህ አዲስ አበባ ሳክስፎን የሚጫወት ወዳጅ አለኝ። ሲጀምር ስምንት ሆነው ይሠሩ ነበር፤ አሁን ሦስት ናቸው፤ የቀሩትን አምስቱን ኪቦርዱ ይጫወትላቸዋል። ለምን ሲል የሚሰጠው መልስ «ጊዜው ተለወጠ» ነው። እኔም በየጽሑፉ የሚከፈለኝ ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ዋጋዬ በወረደ ቁጥር የምሰማው ይህንኑ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ጨዋ ነው፤ ማንንም አይከስም። ችግሩም እሱ ነው፤ ማንንም ስለማይከስ ጥያቄውን ይዘጋዋል።

ጊዜ ብቻውን የሚለውጠው ነገር እንዳለ አምናለሁ። ግን ከጊዜው ጀርባ ብዙውን ጊዜ የኪራይ ውል፣ የፈቃድ ወረቀት ወይም የግብር አዋጅ አለ። አዋጅ የሚያረቅ ሰው ስለ ዳንስ ላያስብ ይችላል፤ የአሜሪካዎቹም ሐሳብ ለጦርነቱ ገንዘብ መሰብሰብ ነበር። ስለዚህ ነጋሪት ጋዜጣን የሕግ ባለሙያ ብቻ ባያነበው ደስ ይለኛል። ሙዚቀኛውም፣ የጭፈራ ቤት ባለቤቱም፣ ቅዳሜ ማታ መጨፈር የሚወደውም ያንብበው።

እናንተ ሰፈር የነበረና አሁን የሌለ የባንድ ቤት አለ? ምን ዘጋው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። «ጊዜው ተለወጠ» የሚለውን መልስ ግን አልቀበልም።